የስጦታ ቃላት

ከትክል ድንጋይ፣ ለእታለም ፅዮን

እህቴ ሆይ፣ ማራኪ ሰፈር የተከራየሻት ቤት በጤና ይዛሽ እንደሆነ እያልሁ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኛ ደኅና ነን። ላሟ ወልዳለች።

በየደብዳቤው አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል ጻፊልኝ ብለሽኝ ነበር። የዚህ ሳምንቶቹ የስጦታ ቃላት ናቸው፤ ጊፍት፣ ዶኔት፣ ሪሲቭ፣ አክሰፕት። መምህራችን ሪሲቭ በእጅ መቀበል ነው፣ አክሰፕት ግን ወዶ መቀበል ነው አሉን። እጄን አውጥቼ፣ «ሳይወዱ የተቀበሉትን መመለስስ ምን ይባላል?» አልሁ። ክፍሉ ሳቀ። ባምላክ፣ «ይቺ ደግሞ ስጦታ የምትመልሰው ምን ተርፏት ነው?» አለ። መምህሩ ሪተርን ብለው ጻፉልኝ።

እሑድ የወዲያ ማዶው አያ ዳኛው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው ነበር። አባባ፣ «ምነው፣ ተቀመጡ እንጂ» ቢላቸው፣ «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እኔ ከጓዳ ሆኜ እግራቸውን አይ ነበር። በኋላ ተቀመጡ።

ከዚያ በፊት እማማ እግሬን በክር ለክታ፣ «ለትምህርት ቤት ጫማ ነው» ብላኝ ነበር። ማክሰኞ አያ ዳኛው ተረከዝ ያለው ነጭ ጫማ አመጡ። ልኩ የእኔ ነው። እማማ፣ «ሸጋ ነው፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ታደርጊዋለሽ» አለች። ከካርቶኑ አላወጣሁትም።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰኔ ነው። ቃላቱን ሁሉ ይዣለሁ።

ሁሉም ሰላም ይሉሻል። አምላክ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። የማራኪው አልጋሽ ለሁለት ሰው ይበቃል?

እህትሽ ስመኝ