ስለ ላክኸው ጥቁር ኮፈን

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ይድነቃቸው፤ ሻርጃ።

ለጤናህ እንደምን አለህ? እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬ ዱቦ ሆስፒታል ሄዳ የደም ግፊቷን ተለክታ «ገና ልጅ ነሽ» ብለው ሸኝተዋታል፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ እኔን እንደ ትልቅ ሰው ቆጥራ ትታዘዘኝ ጀምራለች። ባለቤቴ ሀብታሙም ልጃችን ትንሳኤም ደኅና ናቸው። ዝናቡ ገብቷል፤ የዳሞታ ተራራም ከጉም ወጥቶ አያውቅም። ሰላምታው ይህን ይመስላል። አሁን ግን ከላይ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ያልኩህን መልሰህ አንብበው። ለወጉ ያልኩት እንዳይመስልህ። እውነቱን እንድትነግረኝ ፈልጌ ነው፤ ደብዳቤውንም የምጽፈው ለዚሁ ነው።

እንድሸጥልህ የላክኸው የመኪና ኮፈን ባለፈው ሳምንት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ከአዲስ አበባ ደረሰ። እማዬ በአንድ እጇ አነሳችውና «ተመስገን፤ ልጄ ከባድ ነገር አይሸከምም ማለት ነው» አለች። እኔን ግን ታውቀኛለህ። ይህን ሁሉ ዓመት መለዋወጫ ስሸጥ ጃፓን ነው እየተባለ ስንት ጉድ አስታቅፈውኛል! ስለዚህ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዕቃውን ነበር። ብረት ላይ ጥቁር ስቲከር ለጥፈው ያ ከክር የሚሠራው ቀላልና ውድ ካርቦን ፋይበር ነው የሚሉ ሞልተዋል። ማግኔት አስጠጋሁበት፤ አልያዘም። ያም አልበቃኝም። ገበያ ወስጄ ዝንጅብል በሚመዘንበት ሚዛን ከአንድ አሮጌ የያሪስ መኪና የብረት ኮፈን ጋር አስመዘንኩት፤ የብረቱን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ዝንጅብል ነጋዴዎቹ ምን ዓይነት ሴት ናት ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ፈላጊውም ወዲያው መጣ። የጎረቤታችን የዓመለወርቅ ልጅ ሄኖክ ያሪስ ገዝቶ የኋላ ወንበሯን ነቅሎ፣ ጎማዋን አስፍቶ፣ ጭስ ማውጫዋን ቀይሮ ሰፈሩን ሲያደነቁር ነው የከረመው። መኪና ስትቀል ቶሎ ትነሳለች፣ ፍሬንም ቶሎ ትይዛለች፣ ኩርባ ላይም አትንገዳገድም እያለ አስተማረኝ። አልዋሸም። ግን ለዚህች ቅለት የሚያወጣው ብር ሞተሯን አውርዶ ለማሳደስ ይበቃዋል። የሚቀንሰውን ክብደት ደግሞ ያ ከጎኑ የማይጠፋው ወፍራም ጓደኛው ቢወርድለት በነጻ ያገኘዋል። ይህንኑ ብነግረው ተቀየመኝ፤ ሆኖም ዋጋ ሳይከራከር እወስደዋለሁ አለ። ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ያስጠረጥረኛል፤ ከእሱ ይልቅ ግን ያንተ ዋጋ ባሰብኝ። አዲስ አበባ ከሚጠሩት ሲሶውን ነው የነገርከኝ። አዲስ ነው፣ ጓደኛዬ በቅናሽ ሰጥቶኝ ነው አልክ። ወንድሜ፣ ቅናሽ የሚሰጥ ጓደኛ መቼ ነበረህ?

አዲስ ዕቃ ብሎን አያውቅም። የዚህ ማጠፊያ ላይ ግን ብሎን የነከሰው ክብ ምልክት አለ። ገልብጬ በስልኬ መብራት አየሁት፤ በግራ ጥጉ በኩል የክሩ ሽመና ይቋረጥና እንደ ሙጫ ያለ ነገር ተሞልቶ ላዩ ተቀብቷል። ዓይኔን ስላላመንኩ የተመታ መኪና የሚያቃናውን ባትላሜራ ሠሪ ዳልጮን ጠራሁት። መሀሉን በጣቱ አንኳኳ፣ ጥጉን አንኳኳ፤ ድምፁ አንድ አይደለም። «አስኩዬ፣ ይሄ ኮፈን ክፉኛ ተመትቷል፤ መኪናዋ ስትበር ነው የተመታው» አለኝ። ለሄኖክም አልሸጥኩለትም። በዲምቱ ቁልቁለት ሲበር ኮፈኑ ተከፍቶ መስታወቱ ላይ ቢገለበጥበት ለዓመለወርቅ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ይኸው ሄኖክ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

እስከዚህ ድረስ በአንተ ተናድጄ ነበር። እህቱን የሚያታልል ነጋዴ ወጣህ ብዬ ስንቱን ተናገርኩ፣ ስንቱን ለሀብታሙ አወራሁ። ከዚያ ግን መቆለፊያዎቹን አየሁ። ከኮፈኑ ፊት ካሉት ሁለት መቆለፊያዎች አንዱ ቀይ ነው፤ አንዱ ጥቁር። የት ነው ያየሁት እያልኩ ሲከነክነኝ ዋለና ስልኬን ከፍቼ ለመስቀል የላክኸውን ፎቶ አወጣሁ፤ የጓደኛዬ መኪና ናት ብለህ ተደግፈሃት የተነሳኸውን። አጎላሁት። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። የጓደኛ መኪና አልነበረችም፤ ያንተው ናት። ሁለት ዓይነት ካልሲ አድርጎ ትምህርት ቤት ይሄድ የነበረ ልጅ ካልሆነ ማን እንዲህ አድርጎ ይገጥማል?

በተመታችው መኪና ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የማልመረምረው ነገር የለም። ከገና ጀምሮ የላክኸው ፎቶ ሁሉ ከደረት በላይ ነው። ድሮ ከሥራ ሳትወጣ የማትደውል ሰው አሁን በጠራራ ፀሐይ ትደውላለህ። በቪዲዮ ስትታይ ሁልጊዜ ተቀምጠህ ነው፤ ከኋላህ ያለው መጋረጃም የመኖሪያ ቤት መጋረጃ አይመስልም። እማዬ ክፍልህን አዙረህ አሳየኝ ስትልህ ኔትወርክ ይጠፋል። የኔትወርክ አጠፋፍ ለእኔ አትነግረኝም፤ ሶዶ ነው የምኖረው። መኪናዋን ማቅለልህ ምን ያህል እንዳስከፈለህ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ስለ ብሩ አይደለም። እግርህን ነው? ወገብህን ነው? ፈርቻለሁ ይድነቃቸው። በጣም ፈርቻለሁ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ኮፈኑ ተሸጠ ወይ ስትለኝ ገበያው ቀዝቅዟል እላታለሁ። ሰውን ሁሉ ውሸታም የምለው እኔ፣ በአንተ የተነሳ እናቴን መዋሸት ጀመርኩ።

እማዬ ዓይኖችህን እስማለሁ፣ ማርያም በያለህበት ትጠብቅህ ብላለች። ሀብታሙ ሰላም ብሎሃል፤ ስለ ኮፈኑ ሲሰማ በርታ በይው አለኝ። ትንሳኤ አጎቴ የሚነዳት መኪና ቀለሟ ምንድን ነው እያለች ትጠይቃለች። ዓመለወርቅም ሰላም ብላሃለች፤ ዳልጮም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልጠየቅኩህ እንዳትዘጋብኝ ነው። ደብዳቤውንና የቃሪያ ዳጣውን ብልቃጥ የያዘችልህ ማኅሌት ናት፤ እረፍቷን ጨርሳ እዚያው ሻርጃ ወደ ሥራዋ እየተመለሰች ነው። ከገና ወዲህ ልጠይቅህ ባለች ቁጥር ሥራ ላይ ነኝ እያልክ እንደመለስካት ነግራኛለች። አሁን ግን የትም ብትሆን ፈልጋ እንድታገኝህ፣ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ፣ እጅህ ላይ እንድታስረክብ አስማልኳት። ሕፃን ሳለህ አዝላ ያሳደገችህ ናት፤ እኛ ቤት ደግሞ ታላቅ ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚቀር ልጅ አላደገም። እንግዲህ ይህን ስታነብ፣ ተነስተህ እንደተቀበልካት ወይም ሳትነሳ እንደቀረህ አይታለች። ዛሬውኑ ትደውልልኛለች። ካልተነሳህ አልቆጣህም። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፦ አንተ ትመጣለህ ወይስ እኔ ልምጣ?

እህትህ አስካለች
ወላይታ ሶዶ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.