ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ክላክስ

ሳን አንቶኒዮ ኦስቴ፣ ከነዳጅ ማደያው ካፌ
ጃንዋሪ 16 ቀን 2014

ለውዷ ዙልማ፣

እንደምን አለሽልኝ? ዴሊያስ ደህና ናት? እህትሽ ከድሮም አትወደኝም፤ ቢሆንም ሰላም በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ ልበል። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው። ከባሂያ ብላንካ እስከዚህ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መስኮቱን ከፍተን ነድተን ፊታችን ሁሉ አቧራ ሆኗል።

ልጃችን ይህን ደብዳቤ ስትሰጥሽ ፊቷን አትዪ፤ ስትስቅብኝ ነው የዋለችው። ማሌና አጣፍጣ ሳታወራልሽ እኔው ልንገርሽ።

እውነቱን ለመናገር የተነሳሁት ልጄን እናቷ ጋ ላድርሳት ብዬ አይደለም። ጊታር መቺው ዳርዮና ጓደኞቹ ቅዳሜ ፖርቶ ማድሪን እንደሚጫወቱ ሰምቼ ነው። ማድሪን ደግሞ አንቺ ካለሽበት ከትሬሌው የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። በኖቬምበር ሻንጣሽን ይዘሽ አውቶቡስ ስትሳፈሪ «ቅናትህ ሰለቸኝ» ነበር ያልሽኝ። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ «የዳርዮን ጊታር ተከትላ ነው የሄደችው» ስል ከረምኩ። ጋራዣችንን ለልምምድ የሰጠኋቸው እኔ ራሴ መሆኔን ሁልጊዜ እረሳዋለሁ።

ገና ከከተማ ሳንወጣ ማሌና አዲሱን አልበማቸውን ማጫወቻው ውስጥ ከተተችው። «አባዬ፣ የዘንድሮ በጋ የመንገድ ሙዚቃችን ይሄ ነው። ካልፈለግክ አጠፋዋለሁ፤ ግን እኔው እዘፍንልሃለሁ» አለችኝ። ስቶነር ሮክ ነው የሚሉት። መቼም ታውቂዋለሽ፣ ከበድ ዘግየት ያለ፣ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ እንደሚያቃስት የጭነት መኪና። በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ምንም ሳይገባኝ በሰላም እጠላው ነበር። ይሄ ግን በገዛ ስፓኒሻችን ነው፤ አንድ ቃል አታመልጠኝም። ሦስተኛው ዘፈን «በሩ ላይ ቆማ የምትሰማ ሴት» ይላል። ሰማሽ? በሩ ላይ ቆማ። እጅሽን በሽርጥሽ እየጠረግሽ ጋራዡ በር ላይ ስትቆሚ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም? ማሌና የሰጠችኝን ትኩስ የማቴ ሻይ ሳላስበው ስቤ ምላሴን ተቃጠልኩ።

«አባዬ፣ ጭንቅላትህ እየተወዛወዘ ነው እኮ» አለችኝ።

«መንገዱ ነው የሚያወዛውዘኝ።»

«መንገዱ አስፋልት ነው።»

ፔድሮ ሉሮ ልንደርስ ስንል አምስተኛው ዘፈን አለቀ። ጊታሩ ቀስ እያለ ጠፋና ነፋስ ብቻ ቀረ። ከነፋሱ ውስጥ ክላክስ ተሰማ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እግሬ ሳላዘው ፍሬኑን ረገጠ። ዙልማ፣ የእኛው፣ አሁን የምነዳት የፔጆ መኪና ክላክስ ነበር። ከአሮጌ ኮምባይነር ፈትቼ የገጠምኩት፣ ጉንፋን እንደያዘው በሬ የሚጮኸው፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚራገምበት። በዚህ አገር ቢጤ የለውም።

በቃ፣ ተያዝሽ አልኩ። መኪናዬ ዳርዮ ጋ ከነበረች አንቺም ነበርሽ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ዴሊያ በር ላይ ቆሜ የምልሽን በልቤ ስደረድር መጣሁ። ነጂ ሁሉ ክላክስ አድርጎ የሚሳለመውንና የሚለምነውን የመንገደኞች ቅዱስ፣ የጋውቺቶን ቀይ ባንዲራዎች እንኳ ዝም ብዬ አለፍኳቸው። ማሌና «ኧረ አባዬ፣ መንገድ ላይ እንዳያስቀረን» ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኳት። አልበሙ ግን ይዞራል፤ አራት ጊዜ ዞረ።

እዚህ ካፌ ስንቀመጥ ማሌና የሲዲውን ወረቀት ዘርግታ አነበበችልኝ። «የአምስተኛው ዘፈን ነፋስና ክላክስ፣ ከፔድሮ ሉሮ አለፍ ብሎ ጋውቺቶ ጋ፣ ባለፈው ካርኒቫል እሁድ እኩለ ቀን ላይ ዋልተር የቀዳው።» ዋልተር ከበሮ መቺው ነው፤ አይባችንን የጨረሰው ወፍራሙ።

«የዚያን እሁድ መኪናዋን ማን ነበር የሚነዳው?» አለችኝ።

ዴሊያ ጋ ብቻዬን ልሂድ ብለሽኝ ነበር። ሌላ ቦታ የምትሄጂ መስሎኝ «እኔው ካልነዳሁልሽ» ብዬ ድርቅ አልኩ። አኩርፌ እየነዳሁ ባንዲራዎቹ ጋ ስንደርስ፣ ከጎኔ እጅሽን ሰድደሽ ክላክሱን ተጫንሽው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። «ምን ለመንሽው?» ስልሽ «ከነገርኩህ አይሰምርም» አልሽኝ። መንገዱ ዳር ማዳመጫ ጆሮው ላይ የሰካ ወፍራም ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ነበር። እሱንም ገላምጬው አለፍኩ።

«እኔ ነበርኩ» አልኳት።

«እንግዲያው አባዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ የቀናኸው በራስህ ነዋ።»

እሷ ሳቀች፤ እኔ ተነስቼ ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ። አፍሬያለሁ ዙልማ። የዚያን ቀን ምን እንደለመንሽ ዛሬ ገባኝ፤ ቅናቴ እንዲተወኝ ነበር። አንድ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጋውቺቶ ይዘገያል እንጂ የረሳሽ አይመስለኝም።

እኔ ከዚህ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። መኪናዋን ማሌና ታመጣልሻለች፤ ቁልፉ ካሁን በኋላ ያንቺ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ታስቸግራለችና በእርጋታ አስገቢያት። ቅዳሜ ማድሪን ሂጂ። ይህችን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኳት፤ ቢሆንም ሂጂና ከፊት ሆነሽ ስሚያቸው። ያን ሁሉ ጊዜ በሩ ላይ ስትቆሚ ምኑ ደስ እንደሚልሽ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም። ዛሬ አራት ጊዜ ሰማሁት፤ ጥሩ ነው። ለዳርዮ ግን እንዳትነግሪው።

መንገዱን ያቅናልሽ፣ የደቡቡ ነፋስም ይራራልሽ። ወደ ቤት ለመምጣት ልብሽ ከፈቀደ፣ ማዕዘኑ ላይ ስትታጠፊ ክላክሱን አድርጊው። በሩን ከፍቼ እወጣለሁ። ከማን ጋር ነበርሽ ብዬ አልጠይቅሽም።

ያንቺው ኦስማር

ማስታወሻ፦ ሦስተኛው ዘፈን ውስጥ በሩ ላይ የቆመችው ሴት ማን ናት? ተይው፣ አትመልሺልኝ።