ወይዘሮ ወለደች

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ነው? በልብስ ማጠቢያው ቤት እንፋሎት ያቃጠለው እጅሽስ ዳነልሽ? አብራሽ የምታድረው ጓደኛሽ ሳሏ ለቀቃት ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ቆመን እንሄዳለን። እማዬ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ምላሷ ገና አልደከመም። እኔም ደህና ነኝ፤ ማለቴ አካሌ ደህና ነው። ጭንቅላቴ ግን ይኸው አሥራ አንድ ቀኑ፣ የራሴ አልመስለኝ ብሏል።

ከየት እንደምጀምርልሽ ጠፍቶኝ ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ። ባለቤቴ "ምን ታንዛዛዋለህ፣ ዋናውን ጻፍላት" ብላ ተቆጣችኝ። ዋናው ይኸውልሽ፤ ወይዘሮ ወለደች። አዎ፣ በቅሎሽ። ተሳስተሽ አላነበብሽም፤ እኔም ተሳስቼ አልጻፍኩም።

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልንገርሽ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሆዷ እየሰፋ መጣ። እኔ ምን ልጠርጥር እታለም፣ በቅሎ እኮ ናት። ጥጋብ ነው ብዬ ገብሷን ቀነስኩባት። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ደግሞ "ሆዷ ተነፍቷል፣ ዘይት አጠጣት" ሲለኝ አጠጣኋት። የሆዷ ጠፍር አልደርስ ሲል ሁለት ቀዳዳ ጨመርኩለትና ጋሪውን ጫንኩባት። በመጨረሻው ሳምንት መንገድ ላይ እየቆመች ዞር ብላ ታየኝ ነበር። እኔ ሰነፈች ብዬ ሰደብኳት። አሁን ያ አስተያየቷ ትዝ ሲለኝ አንጀቴን ይበላኛል።

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ አሸዋ ልናራግፍ አንድ ፎቅ ወደሚሠራበት ግቢ ገባን። ኮንክሪት ማደባለቂያው አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ጎተትኳት፣ ለመንኳት፣ እንቢ አለች። ከጋሪው ስፈታት ቀጥ ብላ ሄዳ የአሸዋው ክምር ላይ ተኛች። ፎርማኑ "ለዛሬ ምሰሶ የሚፈለግ አሸዋ ነው፣ አስነሳልኝ" እያለ ሲመጣ ሁለት እግር ብቅ አለ። የእሷ አይደለም፣ የሌላ። ፎርማኑም ዝም አለ፤ እሱን ዝም ሲል ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ግንበኞቹ ሥራቸውን ጥለው ከመወጣጫው ወረዱ። የደረሰችላት ግን አንዲት ስሚንቶ ተሸካሚ ሴት ናት፤ ሻሿን ፈትታ ውርንጭላዋን አደራርቃ አስነሳቻት። እኔማ ልጓሙን እንደያዝኩ ተገትሬ ቀረሁ። ያ ምሰሶ በሌላ አሸዋ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ሰው አልተለየውም። አንዱ "የሌላ እናት ጥላት የሄደች ናት" ይላል፤ ወይዘሮን ጡቷ ወተት እየጣለ ቆማ ሲያያት እንኳ አያምንም። ሌላው ምጽአት ቀርቧል ብሎ ያስፈራራናል። የከብት ሐኪሙ መጥቶ ጆሮዋን አየ፣ ጥርሷን አየ፣ ከእናትም ከልጅም ደም ቀዳ። "ከስንት ዘመን አንዴ ያጋጥማል ሲባል አንብቤአለሁ፤ በዓይኔ ግን አይቼ አላውቅም" አለኝ። እሱ የተማረው እንዲህ ካለ እኔ ምን ልበል? በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። የዚችን አባት ስንጠይቅ ግን የሰፈሩ ባለፈረስም ባለአህያም አላየሁም አልሰማሁም ብሏል። እኔም ራሴ፣ ስትወለድ ያየሁት ሰውዬ፣ ጠዋት ጠዋት ሕልም እየመሰለኝ ጋጣውን ሄጄ አያለሁ።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ትዳርሽ የፈረሰ ዕለት ሽማግሌዎቹ የጻፉትን ወረቀት ታስታውሻለሽ። "የሚወልድ ከብት በሙሉ ለባል፤ የማትወልደው በቅሎ ለሚስት" ይላል። ጡረታ የወጡት መምህር ናቸው በእጃቸው የጻፉት። አማትሽ በር ላይ ቆመው "መካን ለመካን፣ መንገዱን ያቅናላችሁ" ሲሉ ጓዝሽን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። አንቺ የወይዘሮን አንገት ይዘሽ ወጣሽ። አደራ ስትሰጪኝም "በስሜ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት" ነበር ያልሽኝ።

እንግዲህ በአምስተኛው ቀን የቀድሞ ባልሽ ያንኑ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ፣ እናቱን አስከትሎ መጣ። "የሚወልድ በሙሉ ለባል ይላል። በቅሎዋ ወልዳለች። ስለዚህ እናትም ልጅም የእኔ ናቸው" አለ። እየቀለደ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። የሚያናድደኝ፣ ደግሜ ሳነበው ወረቀቱ እውነትም እንደዚያ ይላል።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት መምህሩና ባለወፍጮው ስለሆኑ እነሱን ጠራን። ባለወፍጮው "ወረቀት ወረቀት ነው፣ የተጻፈው ይጽና" አሉ። መምህሩ ደግሞ "ለሚስት የተሰጠችው የማትወልድ በቅሎ ናት፤ እንዲህ ያለች በቅሎ በዚህ ግቢ ከሌለች እኛ ያን ጊዜ ምን ነበር የሰጠናት?" ብለው ራሳቸውን ያዙ። ባለወፍጮው ትንሽ አስበው በመምህሩ ተስማሙ፤ መምህሩም ትንሽ ቆይተው በባለወፍጮው ተስማሙ። እንደዚያ እየተቀያየሩ ፀሐይ ዞረች። እኔ መሐል ቁጭ ብዬ አንዴ ሀብትሽ የተረፈ፣ አንዴ የተወሰደ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ውርንጭላዋን ሊያይ የመጣውን የከብት ሐኪም ጠየቁት። "እናንተ የማትወልድ ብላችሁ ጻፋችሁ። እኔ በሙያዬ የምለው እስካሁን ያልወለደች ነው" አለ።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት። "ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለ በቅሎዋ ከተሳሳትኩ፣ ስለ ሴትዮዋም ሳልሳሳት አልቀረሁም" አሉ። ማንንም አላዩም፤ እኛ ግን ሁላችንም የቀድሞ ባልሽን አየነው። ሌላ ካገባ አራት ዓመቱ ነው፤ ቤቱ እንዳንቺ ጊዜ ጭር ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ አፉን የሚከፍት የለም። አማትሽ ሊናገሩ ሲሉ "እማዬ፣ በቃ" አላቸው። ውርንጭላዋ ስትጠባ ቆሞ ሲያያት ቆየና ወረቀቱን ከመምህሩ እጅ ወስዶ ገንዳው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ሽማግሌዎቹም ሳይፈርዱ ቆባቸውን አድርገው ወጡ።

ስለዚህ ወይዘሮ ያንቺ ናት ወይስ አይደለችም? ማንም አልነገረኝም። ወረቀቱ ስኳር ማስቀመጫው ሥር አለ፤ ላቃጥለው ወይስ ልላክልሽ? የውርንጭላዋንም ስም አንቺ ብታወጪ ይሻላል፤ የኔ ልጅ በያንዳንዱ ቀን አዲስ ስም እየሰጠቻት እንስሳዋ ለየትኛው እንደምትዞር ግራ ገብቷታል። ጋሪውን ጡት እስክታስጥል ድረስ አቁሜዋለሁ፤ እኔው በትከሻዬ እሸከማለሁ፣ ይህ የጥፋቴ ካሳ ነው።

እማዬ በጣም ሰላም ብላሻለች፤ "እጇን በቀዝቃዛ ውኃ አታርስ" ትልሻለች፤ ሥራሽ ልብስ ማጠብ እንደሆነ ብነግራትም አልሰማችኝም። ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች። ልጄ ያንቺን ሥዕል ከሁለቱ በቅሎዎች ጋር ሥላለች፤ ረጅም ጆሮ ያላት አንቺ አይደለሽም። ጫማ ሰፊው ስለ ዘይቱ ይቅርታ ብሎሻል። ለጓደኛሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አንድ ሰላምታ ቀርቶኛል። የት እንደማስገባው ስላላወቅሁ እዚህ ካለው ጋር ደባለቅሁት። የቀድሞ ባልሽ ትናንት አሸዋ መጫኛው ጋ ብቻውን ጠበቀኝ። መሬት መሬት እያየ "ሰላም በላት" አለኝ። ደህና ብዬ ልሄድ ስል እጄን ያዘኝ። "ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፣ በላት። እሷ አልነበረችም፣ በላት" አለኝና አለቀሰ። መርገምም ማጽናናትም አቅቶኝ ከረጢቴን ተሸክሜ መጣሁ። ይህን መጻፌ ደግ ይሁን ክፉ አላውቅም እታለም። ብቻ ያን ቀን በር ላይ የተባለውን የሰማሁት እኔ ስለሆንኩ ይህንንም ማድረስ ያለብኝ እኔ መሰለኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከጋጣው ፊት ለፊት ካለው ክፍል፣ ውርንጭላዋ በተወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እሑድ