ጀፎረው ዳር የተከልኩት የወፍ ቆሎ

አገና፣ መስከረም 9

ከወልቂጤ አምጥቼ ጀፎረው ዳር የተከልኩትን የወፍ ቆሎ የሚባል የአበባ ቁጥቋጦ ዛሬ ነቀልኩት። ጎረቤቴ አባባ ዘበርጋ ናቸው የነገሩኝ። «አበባው ያምራል፣ ልጄ። ጀፎረ ግን የሁላችን መስክ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ ለቅሶ እንቀመጥበታለን፤ ማንም አይተክልበትም።»

አፈርኩ። ስድስት ዓመት እዚህ ኖሬ ጀፎረው ባዶ ሣር መስሎኝ ነበር። ደግሞ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ቅጠሉ ከብት እንደሚመርዝ እያወቅሁ በቀለሙ ተታለልኩ።

ስነቅል በራሱ የበቀለውን አደይ አበባ እንዳልረግጥ ተጠነቀቅሁ። እሱን የተከለው የለም፣ የሚቆጣውም የለም።

አመሻሽ ላይ የአባባ ባለቤት እማማ ብርቄ ነቅዬ ከከመርኩት አንድ ቅርንጫፍ መዘዙ። «ይኼን የመሰለ አበባ እንዴት ይጣላል? ጓሮዬ እተክለዋለሁ» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

ጥጃቸው የምትታሰረው እዚያው ጓሮ ነው። መርዝ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን «ይጽደቅልዎ» አለ።