አህያዋ ድልድዩ ላይ ቀረች

ኅዳር 12፣ ሰኞ (የሚካኤል ዕለት)

እኔው ነኝ ያመጣሁት። ከቤት ቤት እየዞርኩ "ማታ ሲኒማ አለ፣ በነፃ ነው፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ" ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ማንን ልወቅስ?

የወባ ማጥፊያው መኪና ትናንት ከሰዓት ሰቆጣ ገባ። ሾፌሩ ለክሊኒኩ ወረቀት ሰጠ፤ ድሬሰሩ ሕዝብ ይሰብስብ ይላል። ድሬሰሩ፣ መርፌ ወጊው፣ እኔ ነኝ፣ ሰበሰብኩ። በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጠሩ፣ ሞተሩን አስነሱ። መጀመሪያ ስለ ወባ ትንኝ ታየ፤ እሱን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ቀጥለው "ይሄ ለመዝናኛ ነው" ብለው ሌላ ፊልም አደረጉ። ሰው የሚባል የለበትም። በእጅ የተሳለ ሥዕል ነው፤ ግን ይሄዳል፣ ያለቅሳል፣ ይዘፍናል። አንዲት አህያ አገሯ ዝናብ ጠፍቶ ዝናብ ፍለጋ ትወጣለች። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ አስረኛ ክፍል ደርሻለሁ የምለው ሰውዬ እዚህም እዚያም ነው የገባኝ። ዘፈኑን ግን ሁሉም ያዘው። መጨረሻ ላይ አህያዋ ገደል ላይ በተንጠለጠለ የገመድ ድልድይ እየዘፈነች መሻገር ጀመረች። ገመዱ አንድ ባንድ ይበጠሳል። ልክ መሃል ስትደርስ ሞተሩ ጠፋ። ቤንዚን አልቋል። ጨለማ ሆነ።

ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ጮኸ። መኪናው ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወደ ኮረም ሄዷል። አህያዋ ምን እንደሆነች የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሰማሁት፦

ባሻ ወልዴ፣ ጎረቤቴ፦ "ለአህያዋ አለቀስኩ። ለሚስቴ ቀብር እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።"

ወይዘሮ ትብለጥ፣ ጠላ ሻጯ፦ "ወድቃለች በሉኝ። እየዘፈኑ ገደል መሻገር የት አገር ነው?"

ከሰሃላ የመጣ አንድ ገበሬ፣ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ፦ "የኔዋ አህያ ይህን ሳታይ ልመለስ። ካየችማ ጭነት አልሸከምም ትለኛለች።"

አንድ ደብተራ፣ ጣቱን አንስቶ፦ "የበለዓም አህያ ተናገረች እንጂ አልዘፈነችም!"

ሌላ ደግሞ፦ "በሚካኤል ዋዜማ! ሥዕል ነፍስ ዘርቶ ሲዘፍን! ይሄ የማን ሥራ እንደሆነ ድሬሰሩ ይንገረን።"

የልጄ መምህር የኔታ ግን ምንም አላሉም። እሳቸው ፊልሙን አላዩትም። በመቋሚያቸው ተደግፈው አንድ ጊዜ አዩኝና ዞረው ሄዱ። ከተናገሩት ሁሉ ይልቅ የፈራሁት እሳቸውን ነው።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

ኪሮስን የኔታ ከትምህርት መለሱት። የፈራሁት ደረሰ።

ነገሩን በተራው ልጻፈው፣ ጭንቅላቴ እንዲረጋ።

አንድ። ኪሮስ ልጄ አስራ ሦስት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ጳጳሱ ይመጣሉ፤ በዚያው ዕለት ፈተና አለ፣ ያለፉት እሁድ ዲያቆን ይሆናሉ፤ ኪሮስም ይፈተናል። ጳጳስ ወደዚህ አገር ከመጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቀጥሎ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ያውቃል።

ሁለት። ገጠር ያሉት አባቴ፣ ቄስ ናቸው፣ ዓይናቸው ጠፍቷል። የሚያሳርሱት መሬት የደብሩ ነው፤ የሚያገለግል ሰው ከቤቱ ከጠፋ ለሌላ ይሰጣል። እኔ መርፌ ወጊ ነኝ። የቀረው ኪሮስ ነው።

ሦስት። ኪሮስ ሕዝቡን ለጸሎት ተነሡ የሚለውን የዲያቆን ዜማ ሲያዜም፣ ጥሩ አድርጎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ድምፁ ዞር ብሎ የአህያዋ ዘፈን ውስጥ ይገባል።

አዎ። የአህያዋ ዘፈን ውስጥ።

"አውቄ አይደለም አባባ" አለኝ። "ስደርስ እዚያው ትጠብቀኛለች።" ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዛሬ ሦስት ጊዜ አስደገሙት፣ ሦስቱንም ጊዜ ገባ። ጓደኞቹ ሳቁ። የኔታ "ሂድ፤ የያዘህን ሳታስወጣ እንዳትመጣ" አሉት።

የያዘህን አሉ። ያንን ቃል ነው ሌሊቱን የማኝከው።

ኅዳር 14፣ ረቡዕ

እስካሁን ያደረግነው፦

ጠበል። እናቱ ብርነሽ ጎህ ሳይቀድ ወስዳ አስጠመቀችው። እየተንቀጠቀጠ መጣ። ሲንቀጠቀጥ እንኳ ጥርሱ የሚገጨው በዘፈኑ ምት ነው። ወይስ ለኔ መሰለኝ?

ጆሮው ውስጥ ጥጥ። ከክሊኒኩ ወስጄ። የሚጠራው ከውጭ አይደለምና ምን ይሠራል።

ውዳሴ ማርያም፣ ደጋግሞ። ማንበቡን ያነባል። ዘግቶ ሲነሳ ያንጎራጉራል።

አስፕሪን። ይህን ለማንም አልናገርም።

ብርነሽ ዛሬ ፊቴ መጥታ ቆመች። "አንተ ነህ" አለችኝ። "ልጁ እቤቱ ዳዊቱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ና ተነስ፣ ሥልጣኔ እይ ብለህ ጎትተህ ያወጣኸው አንተ ነህ።"

"ሁሉም ልጅ አይቷል እኮ።"

"ሁሉም ልጅ እሁድ ጳጳስ ፊት ይቆማል?"



ደግሞ አገሩ አያስረሳም። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ያንጎራጉራሉ። የባሻ ወልዴ ልጆች ባለቀ ገመድ ድልድይ ሠርተው አጥር ለአጥር እየተንጠለጠሉ ይዘፍናሉ። ሄጄ ተቆጣሁ። ባሻ ወጥተው "ምን አደረጉህ? አንተው ያመጣኸውን ነው እኮ የሚዘፍኑት" አሉኝና ሳቁ።

ከሰዓት ለአንዲት ሴት መርፌ ስወጋ ቀና ብላ "ድሬሰር፣ አንተም ያዘህ?" አለችኝ። እያፏጨሁ ነበር። አላወቅሁትም።

ኅዳር 15፣ ሐሙስ

ጾመ ነቢያት ገባ። እህል የሚባል በአፌ አልዞረም፤ ከጾሙ ይሁን ከፍርሃቱ አላውቅም።

ወይዘሮ ትብለጥ ክሊኒክ መጣች። አሟት አይደለም፣ ወሬ ይዛ ነው። ካህናቱ ተሰብስበው መክረዋል። ለጳጳሱ አቤት ሊሉ ነው፦ በሚካኤል ዋዜማ ሕዝቡን ለሰይጣን ሥዕል የሰበሰበ ሰው አለ፣ ልጁንም ርኩስ መንፈስ ይዞበታል፣ እንዲህ ያለ ልጅ መቅደስ አይገባም።

"ማን ነው ይህን ያለው?" አልኳት።

"ሁሉም ናቸው። ሦስቱ እኮ ከኔ አጠገብ ተቀምጠው ሲያዩ ነበር፤ አንዱማ ወንበሬን ነጥቆኝ ነው" አለች። "ብቻ አንተ እኔ ነገርኩህ እንዳትል።"

የምፈራቸው ነገሮች፦ ልጁ ፈተናው ላይ ይስታል። ባይስትም ከመፈተኑ በፊት ይከለከላል። አባዬ ይሰማሉ። መሬቱ ይሄዳል። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ "አህያዋ" ሲባል ይኖራል። የመጨረሻው ነው እንቅልፌን የነሳኝ። አሁንም ጀምረዋል፤ ዛሬ በመንገድ ሲያልፍ አንዱ "አህያዋ ተሻገረች ወይ?" ብሎ ጮኸበት። ኪሮስ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ድሮ ቢሆን ድንጋይ ያነሳ ነበር። ድንጋይ አለማንሳቱ ይብስ አስፈራኝ።

ኅዳር 16፣ ዓርብ

የኔታ ቤቴ መጡ። የኔታ! ከቤተ ክርስቲያንና ከጎጇቸው ሌላ የማያውቁ ሰው።

ከቅዳሴ መልስ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። በመቋሚያቸው በሩን መታ መታ አደረጉ። ብርነሽ መሬት ለመሳም ተንደረደረች። የሚቀመጡበትን አነጠፍን። ኪሮስ ከጓዳው በር አልወጣም አለ።

"እስቲ ልስማው" አሉ።

"ምኑን የኔታ?"

"ዘፈኑን ነዋ። አገር ሁሉ ያወቀውን እኔ ብቻዬን ሳላውቀው እንዴት አስወጣለሁ?"

ኪሮስን ጠራሁት። መጣ፤ ቆመ፤ ከንፈሩ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን የለም። ለአራት ቀን ካፉ አልጠፋ ያለው ዘፈን አሁን ሲፈለግ ጠፋ። የኔታ ጠበቁ፣ ጠበቁ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "አንተም ነበርክ አይደል? በል።"

እንግዲህ ምን ላድርግ። የአርባ ስድስት ዓመት ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በገዛ ቤቴ መሃል ቆሜ በጾም ቀን የአህያ ዘፈን ለየኔታ ዘፈንኩ። ቃሉን ስለማላውቀው ላላላ እያልኩ። ብርነሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ከእሑድ ወዲህ ሳቋን ያየሁት አሁን ነው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው በመቋሚያቸው መሬቱን ቀስ እያሉ ይመታሉ።

መሃል ላይ ስደርስ አቆምኩ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ሞተሩ ጠፋ የኔታ።"

"መድረሻ የለውም?"

"ይኖረዋል፤ ማንም አልሰማውም እንጂ።"

 ከዚያ ኪሮስን ጠርተው ራሱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። "ልጁን ምንም አልያዘውም" አሉ። "ሜዳ ላይ የተጣለ ዜማ ነው። የሚያልቅበት ማረፊያ ሲያጣ፣ እኔ ለልጁ የሠራሁት ማረፊያ ላይ መጥቶ ይተኛል።"

እፎይ ልል ስል "ይሁን እንጂ" አሉ። "ነገ ፈታኙ ይህን አይጠይቅም። የሚሰማውን ነው የሚሰማው።"

ማረፊያ ይሥሩለት ብዬ ለመንኳቸው። ቱግ አሉ። "እኔ? ለአህያ? በስመ ሥላሴ!" ተነስተው ወጡ። በሩ ላይ ግን ቆም ብለው "ክፉ ዜማ አይደለም" አሉ። ለኔ ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም።

ከሳቸው በኋላ ኪሮስ ሞከረው። ሦስት ዓይነት መጨረሻ ሠራ፣ ሦስቱም አልሆኑም። እራሱም አውቆታል።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

ጳጳሱ ገቡ። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ተቀበላቸው። የባሻ ልጆች በዚያ ዘፈን እንዳይቀበሏቸው ብዬ እጃቸውን ይዤ ቆሜ ዋልኩ።

አባዬ በበቅሎ መጡ። የኪሮስን ፊት በጣቶቻቸው አዩት። "ከሳህሳ" አሉት። ስለ ሌላው የነገራቸው የለም፤ ወይም ነግረዋቸው ዝም ብለዋል።

ፈተናው ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሆነ። ፈታኙ ከጳጳሱ ጋር የመጡ መምህር ናቸው። አባቶች ከአጥሩ ውጭ ቆምን። ድምፅ ይሰማል፣ ፊት አይታይም። አንዱ ልጅ ዳዊት ላይ ተደናቀፈ፤ አባቱ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

ኪሮስ ዳዊቱን እንደ ውሃ ጠጣው። ውዳሴውንም። ከዚያ "በል ዜማውን" አሉት።

ጀመረ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ አባት ስለሆንኩ አይደለም። ሄደ፣ ሄደ፣ ያቺ ቦታ ስትደርስ ዝም አለ።

ዝም።

የአጥሩን እንጨት ይዤዋለሁ። ካህናቱ ውስጥ ሆነው ሲተያዩ ይታየኛል፤ አይታየኝም ግን ይታየኛል። ፈታኙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባዬ እጄን ያዙኝ። እጃቸው እንደኔው ቀዝቅዟል። ያን ጊዜ ነው ነገሩን እንደሰሙ ያወቅሁት።

ከዚያ ቀጠለ። ቀጥ ብሎ፣ እንደተማረው፣ እስከ ማረፊያው። ፈታኙ "ለምን ቆምክ?" ሲሉት ሰማሁ። የመለሰውን አልሰማሁም።

ውጤቱ አልተነገረንም። ነገ ጠዋት ስሙ የተጠራ ይገባል ተባለ።

ኅዳር 18፣ እሁድ

ስሙ ተጠራ።

ደግሜ ልጻፈው፦ ስሙ ተጠራ። ጳጳሱ እጃቸውን ጫኑበት፣ እፍ አሉበት። አባዬ ቆመው አለቀሱ።

አቤቱታው ግን አልቀረም። ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ጳጳሱን ዛፉ ሥር ከበቧቸው። ደብተራው ጀመረ። ሰይጣን፣ ሥዕል፣ ዋዜማ፣ አህያ፣ ድልድይ፣ ድሬሰሩ፤ እኛስ አላየነውም። ጳጳሱ እስኪጨርስ ሰሙትና "እንግዲህ አህያዋ ተሻገረች?" አሉ።

ከዚያ አንዱ ቄስ ቀስ ብለው "ወድቃለች አባታችን" አሉ።

"ኧረ የት ወድቃ!" አለ ደብተራው ራሱ። "የቀረው ሁለት ርምጃ ነበር እኮ!"

"ሁለት? ገመዱ ተበጥሶ?"

"አንደኛው ነው የተበጠሰ!"

"አንተ ከኋላ ሆነህ ምኑን አየኸው?"

ጳጳሱ አንዱን ሲያዩ፣ አንዱን ሲያዩ ቆዩ። "አላየነውም ያላችሁኝ መስሎኝ" አሉና መስቀላቸውን አሳልመው ሄዱ። ወደኔ አልዞሩም። አልተቆጡኝም፣ ይቅርም አላሉኝም። ወደፊት ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ደብተራው ሲያልፍ ዓይኑን አላነሳም።

እቤት ስንገባ ኪሮስን ጠየቅሁት። "ትናንት ዝም ያልክበት ቦታ ምን ሆነህ ነበር?"

"መጣችብኝ።"

"ከዚያስ?"

"እዚሁ ቁሚ፣ ልጨርስና እመለሳለሁ አልኳት።"

"ቆመች?"

"ቆመች።"

"አሁንስ? ነገ ስትቀድስስ፣ ከነገ ወዲያስ?" ድምፄ መጨመሩ ተሰማኝ።

"ከቅዳሴ በኋላ አሻግርሻለሁ ብያታለሁ" አለ። "ዲያቆን ይዋሻል እንዴ አባባ?"

ይህን ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

አሁን ዘፈኑ ከጓሮ ይሰማኛል። ብርነሽ ወጡን ማማሰል ትታ ቆማለች። መከልከል ነበረብኝ፤ ሰው ይሰማል፣ አባዬም አልተኙም። በዘፈኑ ድልድዩ ላይ ወጣ። መሃል ደረሰ። ቆመ።

ቀጠለ። ከዚህ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቀውም።