ኪዳን ያሰራት ቃል

ላሊበላ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአማቴ ለእማማ እታገኘሁ፣ ወገል ጤና

እማማ፣ ጉልበትዎን ስሜ ልጀምር። ወገብዎ እንዴት አደረገዎት? እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል። የጎረቤትዎ ልጅ ማኅሌት ይህን ስታነብልዎት እስከ መጨረሻው ያድምጡኝ፤ ከዚያ ይዘኑብኝ።

የኪዳንን የሙት ዓመት ተዝካር አላወጣም ማለትዎን ማኅሌት ደውላ ነገረችኝ። «ለቆመ ልጅ ማን ተዝካር ያወጣል? ለገናም ለፋሲካም ‹ላሊበላ እጠብቅዎታለሁ፣ ኪዳን› ብሎ ልኮልኝ የለ!» አሉ አሉኝ። መንገድ ተዘግቶ ለቀብሩ ስላልደረሱ አልፈርድብዎትም። እኔ ግን ነበርኩ። ባሌ አሸተን ማርያም ሲቀበር በዓይኔ አይቻለሁ።

የገናው መልእክት የመጣው ኪዳን ለእኛ ለአስጎብኚዎች ከሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በዓል ሲደርስ አንዳችን ቁልፉን ስንጫን፣ ሰላምታው በተጫነው ሰው ስም ለደንበኛም ለዘመድም ይሄዳል። የተጫንኩት እኔ፣ የወጣው ኪዳን። ስሙን ከአስጎብኚዎች ዝርዝር ሰርዤ ሞከርኩ፤ አሁንም ኪዳን። በጠራራ ፀሐይ ፀጉሬ ቆመ።

እሱ ይጽፍበት የነበረውን ጃቫስክሪፕት የሚባል ቋንቋ ከመጻሕፍቱ ወር ተኩል ተማርኩ። «ዚስ» የምትባል ግራ የምታጋባ ቃል አለች፤ «ይኸኛው» እንደ ማለት ናት። ይኸኛው ማን እንደሆነ የሚወስነው የጠራት ነው፤ እኔ ስጠራት እኔን፣ ባልደረባችን ሰውአገኝ ሲጠራት እሱን ትላለች። እንደ ውሰት በሬ፣ የጠመደው ሁሉ ጌታው ነው። ኪዳን ግን ለሙከራ ከራሱ ጋር አስሯት፣ ሳይፈታት ሞተ። ከታሰረች ወዲያ ማንም ይጥራት፣ የምትለው እሱን ነው። መንፈስ አይደለም እማማ፤ አንዲት መስመር ናት። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ፈታኋት።

«ታዲያ የፋሲካው?» ይሉኛል። የፋሲካው የእኔ ሥራ ነው። በገና ማግስት ሲደውሉልኝ ድምፅዎ የሙሽራ እናት ድምፅ ነበር፤ ሞቷል ማለት አቃተኝ። ስለዚህ ቃሏን መልሼ ከእሱ ጋር አሰርኳትና ተጫንኩ። መጥቼ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ፈትቻታለሁ። ተዝካሩን ያውጡለት፤ ጠላውን መጥቼ እጠምቃለሁ። እመቤታችን ጉልበትዎን ታጽናልዎ፣ ዕድሜዎን ታርዝምልኝ።

ለእርስዎ ብዬ ነው ያደረግኩት ብዬ ግን አልዋሽም። ፋሲካ ዕለት ቁልፉን ከመጫኔ በፊት፣ የራሴንም ቁጥር ከተቀባዮቹ ዝርዝር ጨምሬ ነበር። ስልኬ ሲጮህ ሮጬ ነው ያነሳሁት።

ምራትዎ ትዝታ