ክዳኑን እያየሁ

እሑድ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2012፤ ሙባረክ አል-ከቢር

ዛሬ ምን ነካኝ? ቤተ ክርስቲያን በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ አብራኝ የምትሠራው ብርቱካን ቅዳሴ የምትከታተለው እዚሁ በአሠሪያችን በማዳም ሳሎን ቲቪ ነው። የቲቪው የራሱ ድምፅ ስለሞተ ከስቴሪዮው ጋር በገመድ መገናኘት ነበረበት። እኔ "ቢጫ ጫፍ ያለው የድሮው የቪዲዮ ገመድ ይበቃል፣ ዲጂታሉን ድምፅ ያሳልፋል" አልኩ። አዲሱ ሹፌር ሳምሶን ግን "አይ፣ በብርሃን የሚሠራው ኦፕቲካል ይሻላል" ብሎ ገዝቶ መጣ።

"ሳሚዬ፣ አንተ የማታውቀው የለም!" አለችው ብርቱካን።

ሳሚዬ! እኔን አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አቆላምጣ ጠርታኝ አታውቅም።

ሰካው፤ ድምፅ የለም። ነቅሎ ደግሞ ሰካው፤ ላብ አጠመቀው። ከገመዱ አንደኛው ጫፍ ላይ ትንሿ የላስቲክ ክዳን እንዳልወጣች አየሁ። ብርሃኑን የምትጋርደው እሷ ናት። ዝም አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ቅዳሴው ያለ ድምፅ አለቀ። ብርቱካን ነጠላዋን እያጣጠፈች ሳምሶንን "ለፋህልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተማ ብታውቅ ኖሮ ትነግረን ነበር።"